ቁልቁል የምታይ ቀስት

ከሰባተኛ ክፍል ባዮሎጂ ሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ የቀረች አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ነጭ የደም ሴሎች የሰውነታችን ወታደሮች ናቸው። መምህራችን ሰሌዳ ላይ ጻፏት፣ ደብተራችን ላይ ገለበጥናት፣ ፈተና ላይ መጣች፣ አገኘናት፣ አለፍን። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ዓረፍተ ነገር ናት። አጭር ናት፣ ትገባለች፣ አትረሳም። ጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ተቀምጠን ስንት ዓመት ሙሉ የተማርነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ አጭር ይሁን፣ ይግባ፣ አይረሳ።

ችግሩ የሚመጣው ምሳሌዋን ተከትለን ስንሄድ ነው። ወታደር ካልን ብዛት ማሰባችን አይቀርም። ብዙ ወታደር ያለው አገር ይፈራል፣ ጥቂት ያለው ይወረራል። ስለዚህ ነጭ የደም ሴሉ ያነሰ ሰው ድንበሩ የተከፈተ አገር ነው፤ ዛሬ ወይ ነገ ጠላት ይገባበታል። መቼም እንዲህ ብላችሁ አታውቁም አንላችሁም። እኛ ይህን ሁሉ ያሰብነው ባለፈው ዓመት የአንዷ የደም ምርመራ ውጤት ቤታችን በገባ ጊዜ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። እኛ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አንድ ቤት ተከራይተን የምንኖር ሦስት ሴቶች ነን። (ወረቀቱን ያመጣችው የትኛዋ ናት አትበሉን፤ እንዳንናገር ተስማምተናል። ለዚህ ጽሑፍ ሲባል ሦስታችንም አንድ ደም ነን።) ከሦስታችን አንዷ አዲስ ሥራ አገኘችና የጤና ምርመራ ወረቀት አምጪ ተባለች። ሄደች፣ ክንዷን ሰጠች፣ ከሰዓት በኋላ ውጤቱን ተቀበለች። ወረቀቱ ላይ ሃያ ያህል መስመር ቁጥር ተደርድሯል። ከሁሉም በላይ ያለው የነጭ የደም ሴል ብዛት ነው፤ 3,100 ይላል። ጎኑ ላይ ከ4,000 እስከ 11,000 የሚል ተጽፏል። በሁለቱ መካከል ቁልቁል የምታይ አንዲት ትንሽ ቀስት አለች። ዝቅ ሲባል ደግሞ ኒውትሮፊል የሚባሉት ለብቻቸው ተቆጥረው 1,150 ሆነዋል። እዚያም ቀስት አለች።

ወረቀቱን የሰጣት ባለሙያ «ሐኪም አሳዪው» ከማለት ሌላ ቃል አልተነፈሰም። ቀስቷ ግን ብዙ ተናገረች።

የታችኛው ፎቅ እናት ሰምተው ወጡና «ደም ማነስ ነው፤ ቀይ ሥርና ምስር አብዙ» አሉን። ደም ማነስ የቀዩ ሴል ጉዳይ እንጂ የነጩ እንዳልሆነ ማን ይንገራቸው? የአንዳችን እናት ከደሴ ደውለው አብሽ፣ ተልባ፣ ከተቻለ ደግሞ የዶሮ መረቅ አዘዙ። አንድ የሩቅ ዘመድ በስልክ ገብቶ «የደም ካንሰር» የምትለዋን ቃል ጣል አደረገና ወጣ። ከዚያ በኋላ ምን እንቅልፍ አለ? ሦስታችንም በየአልጋችን ስልካችንን ስናገላብጥ አነጋን። የምንከፍተው ገጽ ሁሉ ከፊተኛው የባሰ ነበር።

ሲነጋ ግን ሙያችን ትዝ አለን። አንድ ሰው መጥቶ ቁጥር ሲነግራችሁ ማን ቆጠረው፣ ምኑን ቆጠረው፣ ከምን ጋር አስተያየው ብላችሁ ጠይቁ ተብለን አልነበር? የገበያ ዋጋም ሆነ የስብሰባ ተሳታፊ ቁጥር ሲነገረን የምንጠይቀውን ጥያቄ የራሳችንን ደም ስናይ የምንረሳበት ምክንያት የለም።

ማን ቆጠረው የሚለው ቀላል ነው። ማሽን ነው የቆጠረው። ዋላስ ኩልተር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1953 የባለቤትነት መብት ባገኘበት ዘዴ ደሙ ተበርዞ በጠባብ ቀዳዳ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ሴል ሲያልፍ የኤሌክትሪኩን ፍሰት ትንሽ ይረብሸዋል፤ ማሽኑ ረብሻውን ይቆጥራል። ቀድሞ ይህን ሥራ የሚሠራው ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰ ሰው ነበር። መስመር በተሰመረበት መስታወት ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቆጥራል። ዛሬ በደቂቃ ያልቃል። ማሽኑን እናምነዋለን፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለንም።

ምኑን ቆጠረው የሚለው ላይ ነው ትንሽ መቀመጥ ያለብን።

«ነጭ የደም ሴል» የጅምላ ስም ነው፤ «የክፍለ ሀገር ሰው» እንደማለት። በውስጡ አምስት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉ፤ ኒውትሮፊል፣ ሊምፎሳይት፣ ሞኖሳይት፣ ኢዮሲኖፊልና ቤዞፊል። ስሞቹ ለጆሮ አይጥሙም፣ እናውቃለን። ግማሾቹ እንዲያውም የቀለም ስሞች ናቸው። ፖል ኤርሊክ የሚባለው ጀርመናዊ ገና ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ገደማ፣ ለጨርቅ ማቅለሚያ የተሠሩ ቀለሞችን ደም ላይ እያደረገ ይሞክር ነበር። አንዱ ሴል ኢዮሲን የሚባለውን ቀይ ቀለም ወደደ፤ ኢዮሲኖፊል ተባለ። ሌላው ከሁለቱም ወገን አልሆንም ብሎ መሃል ሰፋሪ ሆነ፤ ኒውትሮፊል ተባለ፤ ገለልተኛ እንደማለት። ገለልተኛ የሚለው ስም በሰውነታችን ውስጥ ከማንም ቀድሞ ጠብ ውስጥ ለሚገባው ሴል መሰጠቱ ያስቃል።

የእነዚህን ሴሎች ሥራ መጀመሪያ ያየው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ኤሊ ሜችኒኮፍ ይባላል፤ ዛሬ ዩክሬን በሚባለው አገር የተወለደ የእንስሳት ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 ሲሲሊ ደሴት ላይ መሲና ከተማ ውስጥ ቤተሰቡ የሠለጠኑ ዝንጀሮዎች ሊያይ ሰርከስ ሲሄድ እሱ ቤት ቀረ። ማይክሮስኮፑ ሥር ሰውነቱ እንደ መስታወት ወዲያ የሚያሳይ የኮከብ ዓሣ እጭ ነበረው። ከግቢው የጽጌረዳ እሾህ አምጥቶ ወጋው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ጠዋት ሲያይ እሾሁን ተንቀሳቃሽ ሴሎች ከብበውት አገኘ። ሊበሉት እየሞከሩ ነበር። ከዚያ በኋላ እነዚህን ሴሎች በላተኞች የሚል ትርጉም ባለው ስም ጠራቸው። እ.ኤ.አ. በ1908 እሱና ኤርሊክ የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

እሾህ የተወጋ እግር ለእኛ አዲስ አይደለም። ክረምቱን ገጠር አያቶቻችን ጋ ስናሳልፍ በባዶ እግራችን ሮጠን የምንመለሰው እያነከስን ነበር። ማታ ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ በማግስቱ ያብጣል፣ ከዚያ ይመግላል። አያታችን በመርፌ ጫፍ አፍርጠው መግሉን ሲያወጡት «ክፉው ወጣልሽ» ይሉን ነበር። ያ ክፉ የተባለው መግል በአብዛኛው የሞቱ ኒውትሮፊሎች ናቸው። ወታደር ውጊያው ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ጡረታ ይወጣል፣ ታሪክ ያወራል። ኒውትሮፊል አይመለስም። ባክቴሪያውን ይውጠዋል፣ በሆዱ በያዘው መርዝ ይገድለዋል፣ አብሮት ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2004 በርሊን የሚገኙ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ደግሞ አንዳንዱ የራሱን ዲኤንኤ አውጥቶ እንደ መረብ ይዘረጋና ባክቴሪያውን ያጠምድበታል። ዲኤንኤ ማለት እንግዲህ ይህ ሴል ማን እንደሆነ የተጻፈበት መዝገብ ነው። መዝገቡን አውጥቶ ወጥመድ ያደርገዋል።

ሊምፎሳይት ሌላ ጠባይ አለው። እሱ መዝገብ ቤት ነው። አንዴ ያየውን ጠላት ለዓመታት ይይዛል፤ በልጅነቱ ኩፍኝ የወጣለት ሰው ሁለተኛ የማይወጣለት ለዚህ ነው። ክትባት ማለትም ለመዝገብ ቤቱ የተፈላጊውን ፎቶግራፍ አስቀድሞ መላክ ነው። ኢዮሲኖፊሉ ደግሞ ትል ሲገባ ቁጥሩ የሚያድግ ነው። ሌሎቹን ለዛሬ እንለፋቸው።

ወደ ቁጥራችን እንመለስ። የአዋቂ ሰው መቅኒ በቀን ወደ መቶ ቢሊዮን የሚጠጋ ኒውትሮፊል ያመርታል። አዎ፣ በቀን። ዕድሜያቸው ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ስለሆነ ማምረቻው አይዘጋም፤ በዓልም የለው። ከተመረቱት አብዛኞቹ እዚያው መቅኒ ውስጥ ተራ ይጠብቃሉ። ወደ ደም ሥር ከወጡትም ብዙዎቹ ከደሙ ጋር አይፈስሱም፤ የደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይቆማሉ። መርፌው የሚያገኘው በዚያች ሰዓት የሚፈስሱትን ብቻ ነው። ደረጃ ሮጣችሁ ወጥታችሁ ወይም ደንግጣችሁ ብትመረመሩ የተለጠፉት ይለቀቁና ቁጥሩ ከፍ ይላል። ነፍሰ ጡር ስትሆኑም፣ ሲጋራ ስታጨሱም እንዲሁ።

ይህ የአዲስ አበባን ሕዝብ ብዛት ለማወቅ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመውን ሰው እንደመቁጠር ነው። ሰኞ ብትቆጥሩ ከተማዋ ልትፈነዳ ነው ትላላችሁ። እሑድ ብትቆጥሩ ሕዝቡ የት ሄደ ትላላችሁ። ሕዝቡ ቤቱ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ደረስን። ከምን ጋር አስተያየው?

ከ4,000 እስከ 11,000 የሚለው ልክ ከሰማይ አልወረደም። ጤነኛ የተባሉ ብዙ ሰዎች ተሰብስበው ደማቸው ይቆጠራል፤ ከላይም ከታችም ጫፍ ላይ ያሉት ጥቂቶች ይቆረጣሉ፤ መካከሉ «ጤናማ» ይባላል። እንግዲህ እነዚያ ጤነኞች እነማን ነበሩ? በመላው ዓለም ላቦራቶሪዎች ወረቀት ላይ ታትሞ የሚዞረው ልክ በአብዛኛው የአውሮፓና የአሜሪካ ነጮች ደም ላይ የተለካ ነው። በዚያ ልክ መሠረት ኒውትሮፊሉ ከ1,500 በታች የሆነ ሰው ኒውትሮፔኒያ አለበት ይባላል። ነገር ግን ምንም ሳያማቸው፣ ከሌላው ሰው የበለጠ ኢንፌክሽን ሳያጠቃቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከ1,500 በታች ሆነው የሚኖሩ ብዙ አፍሪካውያን፣ የመናውያንና የበረሃ ዓረቦች እንዳሉ ሐኪሞች ከታወቃቸው ቆይቷል። እስራኤል ውስጥ በ1980ዎቹ የቤተ እስራኤልን ደም የመረመሩ ሐኪሞችም ይህንኑ አይተዋል። ሰዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን ከታተመው ልክ በታች ነው።

ምክንያቱ የተገኘው ማንም ባልጠበቀበት ቦታ፣ ቀይ የደም ሴል ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950 የደም ዓይነት ሲያጠኑ የነበሩ የእንግሊዝ ሐኪሞች ቀይ የደም ሴል ገጽ ላይ የሚገኝ አንድ ነገር አገኙና መጀመሪያ በታየበት በሽተኛ ስም ዳፊ አሉት። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ሉዊስ ሚለር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ወደ ቀይ ሴል ለመግባት ይህንኑ ዳፊ እንደ እጀታ እንደሚይዝ አሳዩ። እጀታ የሌለው በር አይከፈትለትም። በምዕራብ አፍሪካ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ሰው ቀይ ሴሉ ላይ ዳፊ የለውም። በዘር መዝገባችን ውስጥ አንዲት ፊደል ተቀይራ የመጣ ነገር ነው። ፊደሏ የተቀየረችባቸው ሰዎች በዚያ ወባ ስላልተያዙ ልጅ ወለዱ፣ ልጆቻቸውም ወለዱ ተብሎ ይታመናል።

እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 ደግሞ የጥቁር አሜሪካውያንን ዘረ መል የመረመሩ ተመራማሪዎች ይህችው ፊደል የኒውትሮፊልን ቁጥር ዝቅ እንደምታደርግ ደረሱበት። ዳፊ ወባ እንዲገባበት የተሠራ እጀታ አይደለማ። ዋና ሥራው ነጭ ሴሎችን የሚጠሩ ኬሚካሎችን መያዝ ነው። ቀይ ሴሉ ላይ ሲጠፋ የኒውትሮፊሎቹም ጠባይ ይለወጣል፤ ከደም ወጥተው ወደ ጣፊያና ወደ ሌላው አካል መግባት ይቀናቸዋል። መቅኒው ጤነኛ ነው፣ ምርቱ አልቀነሰም። መንገድ ላይ የሚታየው ሰው ብቻ ነው ያነሰው። መገናኛ እሑድ ናት።

ይህን ስናነብ ምን ያህል እንደተገረምን ለመደበቅ አንሞክርም። አያቶቻችን ስላመለጡት ወባ የተከፈለ ዋጋ፣ ያውም ዋጋ እንኳ ያልሆነ፣ ዛሬ ወረቀት ላይ ቀስት ሆኖ ይወጣል።

እኛ አገር ግን ነገሩ ድብልቅ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ዳፊ ያለውም የሌለውም ሰው አለ፤ ቫይቫክስ ወባም በሰፊው አለ፤ ቆላ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። እንዲያውም ዳፊ የሌላቸውም ሰዎች አንዳንዴ በቫይቫክስ እንደሚያዙ ከእ.ኤ.አ. 2010 ወዲህ ማዳጋስካርም እኛም አገር ታይቷል። ስለዚህ «እኛ ሐበሾች ደማችን እንዲህ ነው» ብሎ ጠቅልሎ መናገር አይቻልም። ጎረቤታሞች ሁለት ዓይነት ደም ሊኖራቸው ይችላል። ሁለት እኅትማማቾችም እንዲሁ።

ስሙም ብዙ ጊዜ አነጋግሮናል። በሕክምና መጻሕፍት ይህ ሁኔታ «የብሔረሰቦች ጉዳት የሌለው ኒውትሮፔኒያ» በሚል መልክ ነው የተመዘገበው። ጉዳት የሌለው በሽታ! ከተቆጠሩት ነጮች ስለተለየ ብቻ ጤነኛ ሰው የበሽታ ስም ተሰጠው፤ በሽታው ደግሞ አይጎዳም ተባለ። በቅርብ ዓመታት አንዳንድ የደም ሐኪሞች ይህን ስም ትተው ዳፊ ከሌለው ደም ጋር የሚሄድ የኒውትሮፊል ቁጥር ብንለው ይሻላል ብለው መጻፍ ጀምረዋል። ረጅም ነው፤ ግን ማንንም አያሳምምም። በቃላት የምንተዳደር ሰዎች ስለሆንን ይህ ነገር ከቀለብ ጉዳይ እኩል ይሰማናል። (የቤት ኪራይ ሳይጨምር።)

ነገሩ የስም ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ክሎዛፒን የሚባል መድኃኒት አለ፤ በሌላ መድኃኒት ላልተሻለው የስኪዞፍሬንያ ሕመምተኛ የሚሰጥ። አልፎ አልፎ ነጭ ሴልን በአደገኛ ሁኔታ ስለሚቀንስ አሜሪካ ውስጥ ኒውትሮፊሉ ከተወሰነ ቁጥር በታች የሆነ ሰው አይጀምርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በተፈጥሮው ቁጥሩ ዝቅ ላለ ሰው 2,000 የነበረውን መነሻ ወደ 1,000 አወረደው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት አንድ ጤነኛ 1,200 ያለው ሰው አእምሮውን ሊመልስለት ከሚችል መድኃኒት ፊት ቆሞ ሊመለስ ይችል ነበር ማለት ነው።

የእኛው አገር ታሪክ ደግሞ ከሲዲ ፎር ጋር የተያያዘ ነው። ሲዲ ፎር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ሊምፎሳይት መሆኑን ግን ስንቱ ያውቃል? ኤች አይ ቪ የሚያጠቃው ይህንኑ የሊምፎሳይት ዓይነት ነው። ሕፃናት ሳለን ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሲዲ ፎሯ ስንት ነው?» ሲሉ እንሰማ ነበር፤ እንደ ፈተና ውጤት። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በነፃ መሰጠት ሲጀምር ሌላ የከፋ ሕመም ለሌለበት ሰው መስፈርቱ ከ200 በታች መሆን ነበር። ከዚያ መስፈርቱ ወደ 350፣ ቀጥሎ ወደ 500 ከፍ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥር ሳይጠበቅ ሁሉም ይጀምር አለ።

ታዲያ በ1994 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮ ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት የአቃቂና የወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ሲከታተል አንድ ነገር አየ። ቫይረሱ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሲዲ ፎራቸው በአማካይ ከ800 ያነሰ ነበር፤ የጤነኞቹ ሆላንዶች ወደ 1,000 የሚጠጋ። ልዩነቱ ግን እንደ ኒውትሮፊሉ በዘር ብቻ የሚመጣ አይመስልም። እስራኤል በገቡ ኢትዮጵያውያን ላይ የተሠሩ ጥናቶች ከሆድ ትልና ከተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ጋር አያይዘውታል። አንዱ ከአያት የመጣ ነው፣ ሌላው ከምንጠጣው ውሃ። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ያው ዝቅ ያለ ቁጥር ናቸው።

ይኸው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1999 የአዋቂ ኢትዮጵያውያንን የደም ልክ የሚያሳይ ጥናት አሳትሟል። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነው። ጓደኛችን ይዛ የመጣችው ወረቀት ላይ ያለው ልክ ግን ያው የፈረንጁ ነው። የሚያናድደን ይህ ነው። ጥናቱ የለም ቢባል አንድ ነገር ነው፤ ተሠርቶ፣ ታትሞ፣ ከማሽኑ ማተሚያ ጋር ሳይገናኝ ቀረ።

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ቀስቷን ልርሳት» እንዳይል ፈራን። አትርሷት። ታይፎይድ ነጭ ሴል ይቀንሳል። አንዳንድ መድኃኒት ይቀንሳል። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ይቀንሳል። ኤች አይ ቪ ይቀንሳል። ያ ዘመዳችን የጠራው በሽታም እንዲሁ አንዳንዴ ይቀንሳል። ሁመራ ወይም መተማ ሰሊጥ ሊያጭድ ሄዶ ለሳምንታት በማይለቅ ትኩሳት የተመለሰ፣ የከሳ፣ ጣፊያው ያበጠ ወጣት ነጭ ሴሉ አንሶ ቢገኝ ያ ሰው ካላ አዛር ሊሆንበት ይችላል፤ ካልታከመ ይገድለዋል። ለእሱ ስለ ዳፊ ማውራት ወንጀል ነው። ልዩነቱን ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም፤ ከቁጥሩ ጋር ያለው ሰውየው ነው የሚናገረው።

የእኛዋን ያየቻት ሐኪምም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ቁጥሩን አይታ ወረቀቱን ገለበጠችና ጥያቄ ጀመረች። ትኩሳት ይመላለስብሻል? አፍሽ ይቆስላል? ከስተሻል? መድኃኒት ትወስጃለሽ? አንገቷንና ብብቷን ዳሰሰች፣ ሆዷን ነካች። ቀይ ሴሏና ፕሌትሌቷ ደህና መሆናቸውን አየች። ደሙን በማይክሮስኮፕ አስየችው። ከዚያ «የድሮ ወረቀት አለሽ?» አለች። አለች። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ታይፎይድ ነው ተብላ የተመረመረችበት፣ መጽሐፍ ውስጥ ታጥፎ የቀረ። ኒውትሮፊል 1,200። ከአራት ዓመት በፊትም ያው ነበረች። ከሁለት ወር በኋላ ደግማ ተመረመረች፤ 1,180። ሐኪሟ ለሥራ ብቁ ናት ብላ ፈረመች። የታችኛው ፎቅ እናት ቀይ ሥሩ ነው ያዳናት ይላሉ፤ አልተከራከርናቸውም።

ስለ አክስታችን ሳንነግራችሁ ግን አንጨርስም። የአንዳችን አክስት ናቸው፤ አሁን የሦስታችንም ሆነዋል። የጡት ካንሰር ሕክምና ለመከታተል ከወልዲያ እየመጡ እኛ ጋ ያርፋሉ። የካንሰር መድኃኒቱ በፍጥነት የሚራባውን ሴል ሁሉ ስለሚመታ መቅኒውንም ይመታል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ኒውትሮፊል ይቆጠራል፤ ብዙ ጊዜ 1,500 ካልሞላ ቀጠሮው ይገፋል። ይህ ትክክል ነው። መቅኒው ተመትቶ ኒውትሮፊሉ ያለቀበት ሰው ቀላል ባክቴሪያ በአንድ ሌሊት ይገድለዋል። ነገር ግን ሁለተኛው ዙር በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተገፋ። አንዴ 1,250፣ አንዴ 1,280። ሁለት ጊዜ ከወልዲያ አውቶብስ ተሳፍረው፣ ከብቱን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው፣ መጥተው ተመለሱ። ካንሰሩ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። ማንም ክፉ አላሰበም፤ መመሪያው 1,500 ይላል፣ እሳቸው 1,280 ናቸው፣ በቃ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ በእኛዋ ወረቀት የተማርነውን ይዘን ሻንጣቸውን አስከፈትናቸው። አክስታችን ወረቀት አይጥሉም፤ የመብራት ደረሰኝ እንኳ ከአሥር ዓመት በፊት የነበረው አላቸው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ አንድም የካንሰር መድኃኒት ሰውነታቸው ሳይገባ የተሠራ ምርመራ ተገኘ። ኒውትሮፊል 1,300 ይላል። ይዘነው ገባን። ወጣቷ ሐኪም ወረቀቱን አየች፣ የዛሬውን አየች፣ ተነሥታ ወደ አለቃዋ ሄደች፣ ቆየች። ስትመለስ ፋይላቸውን ከፈተችና የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ በቀይ እስክሪብቶ 1,300 ብላ ጽፋ ከሥሩ አሰመረችበት። ሕክምናው በማግስቱ ተሰጣቸው።

ትኩሳታቸው 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሳይጠብቁ ሆስፒታል እንዲመጡ ተነግሯቸዋል። ሙቀት መለኪያዋን ገዝተንላቸዋል፤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረዋት ነው የሚዞሩት። ጠዋትና ማታ ብብታቸው ሥር ያደርጓትና መነጽራቸውን ስለማያገኙት «እስኪ ስንት ትላለች?» ይሉናል። ትናንት ማታ 36.8 ነበረች።